የሻለቃው እርሳስ ወታደሮች

ልጄ ገነት ቤት እያሠራች ነው። ጠዋት ሠራተኞቹ አሸዋውን በባልዲ ውሃ ሲያርሱት እኔ ወንበሬን በረንዳው ላይ አውጥቼ እቀመጣለሁ። ሰው ፀሐይ የምሞቅ ይመስለዋል። የምቀመጠው ግን ለሽታው ነው። የረጠበ አሸዋ ሽታ የዝናብም አይደለም፣ የአፈርም አይደለም፣ የራሱ ነው። አፍንጫዬን ሲነካው እንደ ድሮው እፈራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ገነት «እማዬ፣ ብቻሽን ምን ያስቅሻል?» ስትለኝ «ምንም» እላታለሁ። ታሪኩን በቁርጥራጩ ታውቀዋለች፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ነግሬያት አላውቅም። የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ እንደምናገረው እጽፈዋለሁ።

ነገሌ ቦረና ያኔ እንዲህ አልሰፋችም ነበር። ከጦር ሰፈሩ በር እስከ ገበያው አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኙ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ከዚያ በኋላ ግራርና ቀይ አቧራ ነው። ነጭ ልብስ አጥባ ያሰጣች ሴት ቀይ አድርጋ ታወርደዋለች። ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ወርቁ የጦር ሰፈሩ ጋራዥ መካኒክ ነበር። የምንኖረው በወታደር ቤቶች ረድፍ ውስጥ ነው፤ አንዷ ጎረቤቴ ከጎጃም፣ አንዷ ከወላይታ፣ አንዷ ከሐረር የመጣች፣ ሁላችንም ኦሮምኛውን ከገበያ እንደ ቃሪያ እየለቀምን የተማርን። አንድ ጠቦት በስድስት ብር ይገዛል። ከሞያሌ በካሚዮን የሚመጣው ባለ አበባ ሻሽ ሁለት ብር ነበር፤ ፔርሙዝ ያላት ሴት ደግሞ እንደ ትልቅ ወይዘሮ ትታይ ነበር። ማታ ማታ ከመኮንኖች ክበብ የራዲዮ ዘፈን በነፋስ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲዞር ዘፈኑ እመሃል ላይ ይቆረጣል። ወርቁ የተቆረጠውን እሱ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ዘይት የለመደ ጣቱን እያጮኸ። ዛሬ ልጆቹ በጆሯቸው ሰክተው ሙሉውን ይሰማሉ። ለእኔ ግን ዘፈን ማለት እስካሁን ግማሹ በነፋስ፣ ግማሹ በወርቁ ድምፅ የሚሰማ ነገር ነው።

ከነገሌ በፊት ዶሎ ነበርን፣ እታች ሙቀቱ ውስጥ። በኩሬን እዚያ ነው የቀበርኩት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ወባ ሐሙስ ያዘችው፣ እሑድ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ወደ ነገሌ ስንዛወር ደጋ የወጣሁ ያህል ተሰማኝ፤ ገነትም እዚያ ተወለደች። እኔ ግን ከዚያን እሑድ ጀምሮ ሌላ ሴት ሆንኩ። ገነት ስትተኛ ትንፋሿን በመዳፌ እለካለሁ። ስታስነጥስ እነሣለሁ። ጎረቤቶቼ «የገነት እናት፣ ልጅቷን በዓይንሽ ጨረስሻት» ይሉኝ ነበር። ይበሉ። ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚወርዱ ወታደሮች ስም በየጊዜው ይወጣል፤ ስም በሚወጣበት ሰሞን እኔ እህል አይወርድልኝም።

ገነት ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ወርቁ ከሥራ ሲመለስ የእንጨት ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ወታደር ነው።»

«ስንት ወታደር?»

«አንድ ሙሉ ጦር። እጃቸው ለብቻ ነው፣ እግራቸው ለብቻ።»

ክዳኑን ሲያነሣው ውስጡ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፤ ፍቅፋቂው ውስጥ ደግሞ ግራጫ ብረት። እርሳስ ይሉታል፣ የሚጻፍበት ሳይሆን ጥይት የሚሆነው ለስላሳ ብረት። እያንዳንዱ ሰው የትንሽ ጣቴን ያህል ነው። የእሱ አለቃ የሆነው ሻለቃ ለትምህርት ባሕር ማዶ በሄደ ጊዜ ያመጣው ነው አለኝ። ክበቡ ውስጥ አሸዋ የተሞላ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ መኮንኖቹ ተራራና ወንዝ እየሠሩበት ጦርነት ይማራሉ። አንድ ጄኔራል ሊጎበኝ ስለሚመጣ ሻለቃው እነዚህን ወታደሮች ተራራው ላይ አሰልፎ ሊያሳየው ፈልጓል። ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ መጽዳትና መገጣጠም አለባቸው።

«እና ለምን ወደዚህ አመጣኸው?»

ወርቁ ጆሮውን አከከ። «በስታኞ ልበይደው ብዬ ነበር። ብየዳው ሲነካው የአንዱ መኮንን ራስ ቀለጠ። እንደ ቅቤ ነው የወረደው።»

«ሻለቃው ምን አለ?»

«ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።»

በማግስቱ ሻለቃው ራሱ መጣ። ረጅም ቀጭን ሰው ነበር፤ በራችን ላይ እንደ ቀጭኔ አጎነበሰ። ገነት ቀሚሴ ኋላ ተደበቀች።

«የገነት እናት» አለ፣ «ለባለቤቴ የጠለፍሽውን ትራስ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ጋራዡ ውስጥ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ።»

«ሠላሳ አምስት ሰዎችና ስምንት ፈረሶች ናቸው። ጄኔራሉ ሲመጡ በእግራቸው መቆም አለባቸው።» ቆቡን በእጁ ሁለቴ አዞረው። «ወደ ፊልቱ የሚወርድ አንድ መካኒክ ስጥ ተብያለሁ። ወርቁ አለ፣ ላጤው አሥር አለቃ አለ። ማንን እንደምሰድ ጄኔራሉ ሲሄዱ እወስናለሁ። የሚረባኝን ሰው ግን አልሰድም።»

ፊልቱ ደግሞ እንደ ዶሎ የወባ አገር ነው። ሌላ ማለትም አላስፈለገውም። ያን ጊዜ ገነትን ብድግ አድርጌ አቀፍኳት፤ «ኧረ እማዬ አሳመምሽኝ» እስክትል።

ሥራውን በሰፌድ ላይ አደረግሁት። ጠዋት ወርቁ ሲወጣ እበራፉ ብርሃን ላይ እቀመጣለሁ። ብረቱ ከቅርጹ ሲወጣ በጎንና በጎኑ እንደ ቅጠል ጠርዝ የሳሳ ትርፍ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ከብብታቸውና ከጭናቸው መሃል ደግሞ እሾህ የመሰለ ነገር ይኖራል። ጠርዙን በምላጭ እልጠዋለሁ፣ በዶለዶመ ሞረድ አለሰልሰዋለሁ፣ እሾሁን በመርፌ እነቅለዋለሁ። ሰውየውን የምይዘው በወረንጦ ነው፤ በእሾህ አገር ወረንጦ የሌለው ቤት የለም። ከዚያ ባኘኩት መፋቂያ ጫፍ በሳሙና እፈትገዋለሁ፣ ፊቱንም ጭምር። የፈረንጅ ፊት ነበራቸው፣ አንዱ ግን ቁርጥ የአጎቴን አገጭ ነበር የያዘው፤ እሱን ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። ወርቁ እርሳስ መርዝ ነው ስላለኝ ገነትን ከመንካቴ በፊት እጄን በአመድ ታጥቤ፣ በሳሙና ታጥቤ፣ እንደገና በአመድ እታጠባለሁ። ቆዳዬ እንደ በጋ መሬት ተሰነጠቀ።

ማጣበቂያው ነበር ያስቸገረኝ። ጫማ ሰፊው ያለው ማስቲሽ ወፍራም ነው፣ የክንዱን ቅርጽ ያጠፋዋል። ስለዚህ ወደ ሀሊማ ሄድኩ። የሀሊማ ባል ከገጠር ሴቶች የግራር ሙጫ እየገዛ ወደ መሃል አገር የሚልክ ነጋዴ ነው፤ ሱቃቸው በጆንያ የተሞላ ነበር። እሷ አማርኛና ኦሮምኛውን እንደ ድርና ማግ ነበር የምታስኬደው።

«አካም፣ ሃዳ ገነት! ነጋ?» የገነት እናት ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ሀሊማ። ቀጭን ማጣበቂያ ፈልጌ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ሀጴ እያለ?» ብላ ሙጫውን ከጆንያ በእፍኟ ዘግና አሳየችኝ፤ ማር የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። «ለብ ባለ ውሃ በጥብጪው። ሲደርቅ ጅብም አያላቅቀው።»

እንዳለችውም ሆነ። በመርፌ ጫፍ ጠብታ ወስጄ ትከሻው ላይ አሳርፋለሁ፣ ክንዱን በወረንጦ አስጠጋለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። ሰዎቹን ከነእግራቸው መቆሚያቸው ላይ፣ ፈረሶቹን በአራት እግራቸው፣ ጠመንጃዎቹን በእጃቸው አጣበቅሁ። እኔ በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ሁሉንም ፈተንኩ። በክር አንጠልጥዬ አወዛወዝኩ። እኩለ ቀን ላይ እጅ በማያስነካው የቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣኋቸው። ከአልጋ ወደ ምንጣፍ ጣልኳቸው። ንቅንቅ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ክንድ ጠፋ። ማታ ስቆጥር ጎደለ። ሰፌዱን አራገፍኩ፣ ወለሉን በመዳፌ ዳሰስኩ፣ ከዚያ ገነትን አየኋት። ታኝክ ነበር።

«ምን በላሽ?»

«ዳቦ።»

«አፍሽን ክፈቺ!»

ዳቦ ነበር። እኔ ግን አላመንኩም። ሦስት ቀን ሙሉ የገነትን ፖፖ በእንጨት ስመረምር ከረምኩ፤ ወርቁ «መሣሪያ ፍተሻ» እያለ ይስቅብኛል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ባሏን ከፊልቱ አድናለሁ ብላ ልጇን በገዛ ቤቷ በእርሳስ የገደለች ሴት ትሉኛላችሁ እያልኩ። በአራተኛው ቀን ጨው ልገዛ ሀሊማ ጋ ስሄድ ከኋላዬ መሳቅ ጀመረች።

«ሃዳ ገነት፣ ቀሚስሽ ላይ አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ይጠራሻል!»

ክንዱ በሙጫ ተጣብቆ ከቀሚሴ ዘርፍ ጋር ገበያውን አራት ቀን ዞሯል። የጦር አዛዡ ክንድ ነበር፤ ወደፊት ብሎ እጁን የሚዘረጋው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሀሊማ ውሃ ሰጠችኝ፤ «ጠጪ፣ ጠጪ፣ እብድ» አለችኝ።

ቀለም የሚቀባቸው አንድ ታርጋ ጻፊ ወታደር ነበር፤ እሱም ቀባቸው። የእንግዳው ቀን ደረሰ። ለእንግዳ ቀን እንደሚደረገው ራሴን ለጋ ቅቤ ተቀብቼ፣ የሞያሌውን ሻሽ ጠበቅ አድርጌ አሥሬ፣ ገነትን ለጎረቤቴ ትቼ ሣጥኑን ይዤ ወደ ክበቡ ሄድኩ። ሻለቃው «አያያዛቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽና አንቺው ደርድሪያቸው» ብሎኝ ነበር። ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ጠረጴዛው ላይ ተራራ ቆሟል፣ ወንዝ ተቦርቡሯል፣ አሸዋው ጠቁሯል። ሁለት ወታደሮች ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ።

«ውሃ ለምን?» አልኩ።

«ደረቅ አሸዋ ተራራ አይሆንም፣ የገነት እናት» አለ ሻለቃው፣ እጁን እያፋተገ። ደስ ብሎት ነበር።

እኔም የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዎች ወንዙ ዳር አቆምኩ። ፈረሶቹን ላወጣ ዞሬ ስመለስ አንዱ ወታደር ወደ ጎን ዘመም ብሏል። አቀናሁት። ጓደኛው ዘመመ። አንሥቼ እግሩን ስነካው ሙጫው ጣቴን እንደ ምራቅ አዝለገለገው።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። ፀሐይ ላይ ፈተንኩ፣ በነፋስ ፈተንኩ፣ በመውደቅ ፈተንኩ። በውሃ መፈተን ግን በሐሳቤም አልመጣም። ሙጫውን ያሟሟሁት በውሃ፣ በገዛ እጄ! ያን ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ሰው ሰማይ ማየት ትቶ ነበር። በደረቅ አገር የሚኖር ሰው ውሃን በጀሪካን ይቆጥረዋል እንጂ ጠላት ሆኖ ይመጣብኛል ብሎ አያስበውም።

ዝም ብል ይሻለኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ለገነት ብዬም ቢሆን ውሸት አልወጣልኝ አለ።

«ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩት። «ሙጫው ውሃ አይችልም። አሸዋው ላይ ከቆሙ ይፈራርሳሉ።»

ሻለቃው ዝም አለ። ያ ወርቁ የነገረኝ ዝምታ። ከዚያ አንዱን ወታደር «ጋራዥ ሩጥ፣ ግሪስ አምጣ!» አለው። ጋራዡ ግን በሰፈሩ ሌላኛው ዳር ነው። ሰዓቱን አየ። «ሃያ ደቂቃ» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ያን ጊዜ ነው ቅቤው ከሙቀቱ ቀልጦ በጆሮዬ ሥር ሲወርድ የተሰማኝ። ቅቤ የጠጣ ጠጉር ውሃ እንደማይዘልቀው የማታውቅ ሴት የለችም። ውሃው ከላይ ተንሸራቶ ይወርዳል።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊትዎን ያዙሩልኝ።»

«ምን?»

«ሻሼን ልፈታ ነው።»

ሻለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው፣ ቅጣት እንደተሰጠው ተማሪ፣ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመ። እኔ ሻሼን ፈትቼ ከራሴ በአራት ጣቴ ቅቤ እየዘገንኩ የሰዎቹን መቆሚያ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን፣ የፈረሶቹን ሰኮና ቀባሁ። ላቤ ከቅቤው ጋር ይንጠባጠባል። እሱ ከግድግዳው «አሥራ አምስት» ይላል፤ «አሥር» ይላል፤ «የገነት እናት፣ አምስት» ይላል። የመጨረሻውን አዛዡን ተራራው ጫፍ ላይ አቁሜ ሻሼን ሳሥር የመኪና ድምፅ ተሰማ። በጓዳው በር ገብቼ በስንጥቁ አየሁ። ግሪስ ሊያመጣ የሄደውም ልክ በዚያ ሰዓት ደረሰ፤ ጄኔራሉ ሲገቡ በአንድ እጁ ሰላምታ፣ በአንድ እጁ የግሪስ ጣሳ ይዞ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

ጄኔራሉ ወፍራም፣ ጠጉራቸው የነጣ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛውን ዞሩት። አፍንጫቸውን አነሡ።

«ሻለቃ፣ ይህ ክፍል ቅቤ ቅቤ ይላል።»

«አዎን ጌታዬ» አለ ሻለቃው፣ ቀጥ ብሎ። «ገበያው ቅርብ ነው።»

ሻለቃው ዘንጉን ይዞ ማስረዳት ጀመረ። ወንዙ ዳር ያሉት ቆመዋል። ፈረሶቹ ቆመዋል። እኔ በስንጥቁ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ ቆመዋል። ከዚያ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው አዛዥ፣ ያ ገበያ የዞረው ክንዱ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እግሩን ቀብቼዋለሁ፤ ትከሻው ላይ ግን ላብ ባራሰው ጣቴ ይዤው ነበር። ክንዱ ወረደ፣ ወረደና አሸዋው ላይ ጠብ አለ።

ሻለቃው መናገር አቆመ። ጄኔራሉ ጎንበስ ብለው ክንዱን በሁለት ጣታቸው አነሡና አዩት።

«አዛዡ እጁን አወረደ» አሉ። «ደክሞት ነው። ፀሐዩ በርትቷል፤ እኛም እስቲ ቁጭ እንበል።»

መኮንኖቹ ሁሉ ሳቁ። ሻለቃው ግን ፈገግ አላለም። ያን አይቼ በጓዳው በኩል ወጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ማሸግ ጀመርኩ። የገነትን ብርድ ልብስ፣ ድስቱን፣ የወባውን ክኒን ከላይ፣ ቶሎ እንዲገኝ። ጎረቤቴ ገነትን ስታመጣልኝ «ምነው?» አለችኝ። ገነትን ተቀብያት ማሸጌን ቀጠልኩ። ወርቁ የተዛወረ ቀን የሚያመጣውን አውቃለሁ። ከዶሎ ስንነሣ እንዳደረገው የመፍቻ ሣጥኑን ከጋራዥ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መካኒክ ያለ መፍቻው አይሄድም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ የማየው ፊቱን አልነበረም፤ እጁን ነው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከረድፉ ጫፍ ብቅ አለ። ቀኝ እጁ ባዶ። ግራ እጁ ባዶ። የሰው ባዶ እጅ እንደዚያን ቀን አምሮ የታየኝ ጊዜ የለም።

ሲደርስ ከደረት ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ውስጧ ያ ክንድ አለ።

«ሻለቃው ልኮልሽ ነው። "በዝግታ ታጣብቀው፣ ችኮላ የለም፣ እዚሁ ናችሁ" ብሏል።» ከዚያ አፍንጫውን ወደ ራሴ አስጠጋ። «ደግሞ ለራሷ የሚሆን ቅቤ ግዛላት ብሎኛል። ምንድን ነው ነገሩ?»

በማግስቱ ሀሊማን ተቆጣኋት። «ሀጴ ውሃ እንደሚፈራ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዋይ ሃዳ ገነት! ወታደሮቹ ሊዋኙ ነው መቼ አልሽኝ?» አለችና ጆንያው ላይ ተደግፋ እስክትታነቅ ሳቀች።

ላጤው አሥር አለቃ ወደ ፊልቱ ወረደ። ስለ እሱ የማልጨነቅበት ቀን አልነበረም፤ ከዚያ የሚመጣ የካሚዮን ሾፌር ባገኘሁ ቁጥር «ደህና ነው?» እላለሁ፣ በእኛ ፋንታ የሄደ ስለሚመስለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያ መሃል አገኘሁት፤ ወፍሯል፣ ሚስት አግብቷል፣ ሕፃን አቅፏል። «የገነት እናት፣ ፊልቱን ያላየ ምን አየ!» አለኝ። አቅፌ ሳምኩት። የሕፃኑን ግንባር ግን በመዳፌ ለካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

ክንዱን በማስቲሽ አጣበቅሁት፣ ትንሽ ወፍራም ቢመስልም። ሻለቃው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ሣጥኑ አብሮት ሄደ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። ወርቁም አሁን የለም፣ ዘፈኑን የሚጨርስልኝ የለም። የቀረኝ ሽታው ነው። ሠራተኞቹ ውሃውን አሸዋው ላይ ሲያፈሱት ጣቴ ሳላዝዘው ወደ ሻሼ ይሄዳል። ቅቤ ከተቀባሁ ስንትና ስንት ዘመን ሆኖኛል፤ ጣቴ ግን አያውቅም።

ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ ሆነ። ገነት ከግምበኛው ጋር ስትነጋገር ቆይታ ዞር ብላ አየችኝ። ጠጉሯ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅ አይታለች።

«እማዬ፣ ራስሽን አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም» አልኳት። «አንቺ ግን እግርሽን ከረጠበው አሸዋ አውጪ።»